ፀሐይ፣ እበትና ቆጣሪ፦ ከወሎ ገበሬዎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

"ሶላር ስንት ነው?" ጥያቄው ሁሌም እንዲህ ይጀምራል። ቆቦ ሽንኩርት ማሳ ዳር ቢሆን፣ ሐይቅ ገበያ ቢሆን፣ ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት ጓሮ ቢሆን ያው ነው። እኔም ሁሌ መልሼ እጠይቃለሁ፦ "ባለፈው ወር ለናፍጣ፣ ለእንጨትና ለመብራት ስንት አወጡ?" አብዛኛው ሰው ጣራ ጣራ ያያል። ሽንኩርቱን በስንት እንደሸጠ ግን እስከ ሳንቲሙ ይነግርዎታል።

ከታች ያሉት ደጋግመው የሚገጥሙኝ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ከደብተር። ለአንድ ወር ብቻ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሊትር ናፍጣ ወይም ስንት ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪው የሚቆጥረው) ገባ፣ ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ምን ያህል ምርት ወጣ። ወፍጮ ቤት ካለዎት "ለአንድ ኩንታል ስንት ኪሎዋት ሰዓት ሄደ" የሚለው ቁጥር ብዙ ያናግራል። ዛሬ 5 የነበረው በሦስተኛው ሳምንት 7 ከደረሰ ጤፉ አልተለወጠም። ድንጋዩ ደንዝዟል፣ ወይም ቀበቶው ላልቷል። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ማታ ሲዘጋ የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

ፓኔል የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው። የሚባክነው ሳይደፈን ሶላር መግዛት በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ደግሞ ውድ ውሃ።

ናፍጣ ሞተሬን ጥዬ ወደ ሶላር ፓምፕ ብገባ ያዋጣኛል?

ማሳው ትንሽ፣ ውሃው ቅርብ፣ መስኖውም ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚዘልቅ ከሆነ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለ። ትንሽ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ዘንጉ የሚያደርሰው ሩቡን ገደማ ነው። ፓምፑ ደግሞ ከደረሰው ግማሽ ያህሉን ያጠፋል። ውሃውን የሚያነሳው እንግዲህ ከአሥሩ አንድ ነው። ዘጠኙ ጭስ፣ ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ናፍጣውን ለማግኘት በጄሪካን ከተማ ድረስ መሄድ አለ። ማደያ ሲደርቅ ደግሞ ዋጋውን የሚወስነው መንገድ ዳር የቆመው ሻጭ ነው።

የማያዋጣበትም አለ። በዓመት ሦስት አራት ሳምንት ብቻ የሚያጠጣ ሰው ፓኔሉ ቀሪውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ይቀመጥበታል። ማሳው አራት ቦታ የተበታተነ ገበሬም በሸክም የሚዞር ሞተር ይሻለዋል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶችም በአንድ አባወራ አቅም የሚታሰቡ አይደሉም፤ የጋራ ጉዳይ ናቸው።

ሞተሩን ከመቀየርዎ በፊት ግን ቱቦውን ይዩት። ብዙ ቦታ በ2 ኢንች ቱቦ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ውሃ ሲገፋ አያለሁ። ያው ውሃ በ3 ኢንች ቢሄድ በቱቦው ውስጥ በፍትጊያ የሚባክነው ኃይል ወደ ሰባተኛ እጁ ይወርዳል። ሰባተኛ! ከሞተር በፊት ቱቦ ማለቴ ለዚህ ነው።

ለሁለት ጥማድ ሽንኩርት ስንት ፓኔል ይበቃኛል?

እስቲ አብረን እናስላ። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ነው። በበጋ፣ እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት ቦታ፣ ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል እንበል። በግማሽ ሄክታር ላይ 25 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ ይህ ሥሩ ጋ መድረስ ያለበት ነው። በቦይ ሲለቁት ግማሹ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ከጉድጓዱ የሚወጣው 50 ሜትር ኪዩብ መሆን አለበት።

አሁን ጥልቀቱ ይምጣ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ መቶ ሜትር ከፍ ለማድረግ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሻጭ አይቀንሰውም። ውሃው 10 ሜትር ላይ ከሆነ 50ው ሜትር ኪዩብ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። የፓምፑን፣ የሞተሩንና የቱቦውን ብክነት ስንጨምርበት 3.4 ይሆናል። በእኛ ፀሐይ አንድ ኪሎዋት ፓኔል በጥሩ ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎዋት የማይሞላ ፓኔል ይበቃዎታል።

ውሃው 30 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ያው ስሌት 2.5 ኪሎዋት ይላል። እዚህ ላይ ነው ጠብታ መስኖ የሚመጣው። በጠብታ ከ50 ይልቅ 28 ሜትር ኪዩብ ያህል ያወጣሉ። ለቱቦው ግፊት አምስት ሜትር ብንጨምርበት እንኳ ፓኔሉ ወደ 1.7 ኪሎዋት ይወርዳል። ሲሶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የጠብታ ቱቦ የሚገዛው ለውሃ ቁጠባ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ፓኔልም ይቆጥባል።

አዲስ ሞተር ገዛሁ፣ ደሴ አምጥቼ ሳስነሳው ውሃ አልሳብ አለ። ተታለልኩ?

ላይሆን ይችላል። ከፍታው ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ ከታች የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያነሳለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ያለ እንከን የሚሠራ ፓምፕ ቢሆን እስከ 10 ሜትር ይስብ ነበር። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እዚያ የመጨረሻው ጣሪያ 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በተግባር ከ5 ሜትር በላይ አይጠብቁ። ካታሎጉ 8 ሜትር የሚለው ለሌላ አገር ነው። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ ወይም ጠላቂ ፓምፕ መጠቀም ነው።

የነዳጅ ሞተሩም ራሱ ያለከልካል። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ወረቀቱ ላይ 10 ፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር ደላንታ ደጋ ወጥቶ ሰባት ቢመስል አይገርምም።

ክረምት ደመና ሲሆንስ?

ሐምሌና ነሐሴ ማሳ አያጠጡም። ፀሐይዋም ውሃውም ተራ ይዘው የመጡልን ነው የሚመስለው። የሚያስቸግረው በልግ ነው። በየካቲትና መጋቢት ደመናው መጥቶ ዝናቡ ሲቀር ፓምፑም ይደክማል። ለዚያ ጊዜ አሮጌውን ሞተር አይሽጡት።

ባትሪ ያስፈልገኛል?

ለፓምፕ? አያስፈልግም። ፀሐይ ሳለ ውሃውን ከፍ ያለ ቦታ ወዳለ ገንዳ ያውጡት፤ ማታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ገንዳ ቻርጅ አይፈልግም። የመኪና ዓይነቱ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከተራቆተ ቶሎ ይሞታል።

ፓኔሉ ፎርጅድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሜትር። እኔ ራሴ የተበላሁበት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ከአንድ ሱቅ "400 ዋት" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው አራት ፓኔሎች ገዛሁ። ዋጋው ደህና ነበር። ሻጩም ቡና ጋበዘኝ። ጣራ ላይ ወጥተው ሲታሰሩ ፓምፑ እኩለ ቀን ላይ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ቆም ጀመር ይላል። ሁለት ቀን ሽቦ ስፈትሽ ዋልኩ። በመጨረሻ አንድ ኤሌክትሪሺያን መጣ፣ ሽቦውን ዞር ብሎም አላየው። የአናጺ ሜትሩን አውጥቶ ፓኔሉን ለካ። አንድ ሜትር ከሃያ በስልሳ ሰባት። ሳቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይሰጣል። እውነተኛ 400 ዋት ፓኔል ወደ ሁለት ካሬ ሜትር ይጠጋል። የእኔዎቹ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አልሞሉም፤ 160 ዋት ቢሰጡ ነው። ሱቅ ሲገቡ ሜትር ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ሻጩ ሜትሩን አይቶ ፊቱ ከተቀየረ ደግሞ ሳይለኩም አወቁ ማለት ነው።

ሲተከል ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ አብረው የተያያዙትን ፓኔሎች ሁሉ ታዳክማለች። የቆቦ አቧራ ደግሞ አይጣል ነው፤ ፓኔሉ ሳይግል በማለዳ ይታጠብ።

አራት ከብት አለኝ። ባዮጋዝ ይሆነኛል?

የት ነዎት? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደላቸዋል። ከ15 በታች ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ቃሉ፣ ሐርቡ፣ መርሳ፣ ቆቦ ጥሩ ይሠራል። ዋድላና መቄት ደጋ ላይ በኅዳር ውርጭ ጋዙ ይቀንሳል። ጉድጓዱን አፈር ማልበስና ከላይ ገለባ መከመር ይረዳል፤ ተአምር ግን አይሠራም።

በአገራችን የባዮጋዝ ፕሮግራም የተስፋፋው "ስንዱ" የሚባለው ከመሬት በታች የሚገነባ ባለ ጉልላት ዓይነት ነው። ባለ 6 ሜትር ኪዩቡ በቀን ከ35 እስከ 45 ኪሎ እበት ይፈልጋል። ማታ በረት የሚያድሩ አራት አምስት ከብቶች ይህን ያወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ሜዳ የሚውል ከብት እበቱን ሜዳ ላይ ጥሎት ነው የሚመጣው፤ ብዙው ሰው ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እበቱ ከእኩል ውሃ ጋር ይቦካል። ውሃው ሩቅ ከሆነ ሸክሙ የሚያርፈው ሴቶች ጀርባ ላይ ነው። ይህን ሳይመክሩ ጉድጓድ አይቆፈር።

አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ከ36 ኪሎ አንድ ምድጃ ለአራት ሰዓት የሚያነድ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ወጥ፣ ሻይ፣ ቡና ከነበረካው ይሠራበታል። እንጀራ ግን ሰፊ ምጣድና ብርቱ እሳት ስለሚፈልግ ተራው ምድጃ አይችለውም። ይህን ሳይነገራቸው የገነቡ ቤቶች ላይ ቅሬታ የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ጋዙ ሳይሆን ዝቃጩ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ጠፍቶ ኩበት ሲነድ ማዳበሪያውም አብሮ ይነዳል። ባዮጋዝ እሳቱን ወስዶ ማዳበሪያውን ይመልስልዎታል። የተብላላው ዝቃጭ ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ማሳ ላይ ሲገባ፣ የማዳበሪያ ወረፋ የቆመ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። ቆጣሪው ገደለኝ።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ሦስት ምጣድ ባንድ ላይ ሲሰካ ትንሽ ወፍጮ ቤት ነው። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ነው።

እጅዎን ምጣዱ ስር ያለው ቆርቆሮ ጋ ያስጠጉ። የማያስጠጋ ከሆነ እንጀራውን ብቻ ሳይሆን ወለሉንም እየጋገሩ ነው። ስሩ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ይሞላ። ሶኬቱንም ይንኩት፤ ከጋለ ሽቦው ቀጥኗል። ያ ሙቀት በገንዘብዎ የተገዛ ነው፣ ቤትም ያቃጥላል።

ቀሪው የእጅ ሙያ ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ አያቋርጡ፤ ሊጡ፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ ቀድሞ ይቅረብ። በቀን ሁለት ጊዜ ከማሞቅ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ነቅለው ይጋግሯቸው፤ ሸክላው ሙቀት ይዟል። አንዲት የማውቃት ጋጋሪ መጨረሻዋን ሁልጊዜ ነቅላ ነው የምትጋግረው። "እሱማ የነፃ ነው" ትላለች።

በእንጨት ለሚጋግሩ "ምርጥ" የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል።

የእንጨት ዳቦ ቤት አለኝ። ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይር?

መጀመሪያ እንጨቱን ያድርቁ። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው። እሳቱ ዳቦውን ከማብሰሉ በፊት ያን ውሃ ያፈላል። የደረቀ እንጨት በኪሎ እጥፍ ሊጠጋ ሙቀት ይሰጣል። በፈለጡት ልክ ተደርድሮ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ንፋስ እያገኘ ወራት ይቆይ። የምድጃው በር የማይገጥም ከሆነም በሩ ይሠራ።

ወፍጮ ቤትን በሶላር ማስኬድ ይቻላል?

ይቻላል፤ በአብዛኛው አይመከርም። እንደ ሐይቅ ባለ ገበያ ቀን ሰዉ ጆንያውን ይዞ ሲሰለፍ፣ 15 ወይም 20 ኪሎዋት ሞተር ሳያቋርጥ ይሠራል። ያን በፓኔል መሸከም የወፍጮውን ዋጋ ብዙ እጥፍ መጨመር ነው። መስመር የሌለበት ቀበሌ ከሆነ ለጥቂት አባወራ የሚሆን ትንሽ ወፍጮ ይታሰባል።

መብራት ያለው ወፍጮ ቤት ገንዘቡን የሚያጣው ሌላ ቦታ ነው። ድንጋዩ በጊዜው ይወቀር። ቀበቶው በጣት ሲጫኑት ብዙ የሚወርድ ከሆነ ይጥበቅ። እህል በሌለበት ሞተሩ ባዶውን እየዞረ ወሬ አይወራ። ከሦስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዝ) አንዱ ሲደክም ሞተሩ ድምፁን ይቀይራል፤ ያን ድምፅ ሰምቶ ያላጠፋ ሰው ማታ ሞተር አስጠምጣሚ ቤት ነው።

ወተት እሰበስባለሁ። ማቀዝቀዣው ብዙ ይበላል።

ወተቱ ከላሟ 35 ዲግሪ ሆኖ ይመጣል፤ ወደ 4 መውረድ አለበት። ማቀዝቀዣው ሁሉንም ብቻውን ለምን ይሸከማል? ቢዶኖቹን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ገንዳ ይንከሯቸው። የደሴ ውሃ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወተቱ ወደ 21 ከወረደ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሥራ በነፃ ተሠራ። የሞቀውን ውሃ ላሞቹ ይጠጡት። ከዚያ የማቀዝቀዣውን ጀርባ ከአቧራ ይጥረጉ፣ ከግድግዳውም ያርቁት። ዕቃ ማጠቢያ ሙቅ ውሃ በየቀኑ ለሚፈልግ ጣራ ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ከፓኔል ቀድሞ መገዛት ያለበት ነገር ነው።

በርበሬና ቲማቲም በኤሌክትሪክ ማድረቅ ያዋጣል?

መቶ ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ከ90 ኪሎ በላይ ውሃ ነው። ያን ለማትነን ብቻ፣ ምንም ሳይባክን፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ፀሐይ እያለች ይህን ከቆጣሪ መግዛት አይገባም። ግን አስፋልት ዳር ማስጣትም ማድረቅ አይደለም፤ አቧራው፣ ፍየሉ፣ የመኪናው ጭስ፣ ማታ ጤዛው። በርበሬ ቀን ደርቆ ማታ እየረጠበ ሲከርም ሻጋታ ይይዛል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የወንፊት አልጋ፣ በላዩ የፕላስቲክ ዋሻ፣ ከታች አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ማስወጫ። አናጺ በሁለት ቀን ይሠራዋል።

ትንሽ የምግብ ፋብሪካ አለን። እኛስ?

ሦስት ቦታ ይዩ። አንደኛ፣ የተጨመቀ አየር። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይበላል። ምጣድ ሰክቶ ረስቶ መሄድ ነው። እሁድ ሁሉም ማሽን ሲቆም ግቢውን ይዙሩ፤ ቀዳዳው ራሱ ያፏጫል። ሁለተኛ፣ እንፋሎት። ራቁቱን የሚሄድ ቱቦ ይልበስ፣ የቀዘቀዘው እንፋሎት ውሃ ወደ ቦይለሩ ይመለስ፤ የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ማራገቢያና ፓምፕ። ፍጥነታቸውን በ20 በመቶ መቀነስ ኃይሉን ወደ ግማሽ ያወርዳል። በቫልቭ አንቆ ከማስኬድ ፍጥነት መቆጣጠሪያ መግጠም የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የነፋስ ተርባይንስ?

ለአንድ ማሳ፣ አይ። ነፋስ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ተለክቶ ነው የሚገባበት።

የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ሶላር ለምን አስፈለገ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የአገሪቱ መብራት ቀድሞም በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ስለሆነ በሶላር የሚቀይሩት ጭስ የለም። መስመሩ ደጃፍዎ ካለና የማይቆራረጥ ከሆነ በመብራት ይሥሩ፤ ገንዘብዎን ቁጠባ ላይ ያውሉ። ሶላር ናፍጣን ሲተካና ምሰሶ ያልደረሰበት ማሳ ላይ ሲሆን ያምርበታል። በ2014 ጦርነት ወራት ያለ መብራት የከረሙት ወልዲያና ቆቦ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይነግሩዎታል።

ገንዘቡን ከየት ላምጣ? ወለድ ደግሞ አልነካም።

ልማት ባንክና በክልሉ ያለው ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ማሽኑን ገዝተው በኪራይ የሚያስረክቡበት አሠራር አላቸው። ወለድ ለማይፈልግ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንክ አሉ፤ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ሙራባሃ ለዚህ ይመቻል፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በክፍያ ይሸጥልዎታል። የትኛውም ጋ ሲሄዱ ያን የአንድ ወር ደብተር ይዘው ይሂዱ።

ፓኔሉን ቢሰርቁብኝስ?

ይሰርቃሉ። ለዚህ ነው ብዙ ገበሬ በጋሪ ጎማ ላይ የሚያስረው። ጠዋት ተገፍቶ ማሳ ይሄዳል፣ ማታ ተገፍቶ ከበሬዎቹ አጠገብ ያድራል። መርሳ አካባቢ ያየሁት አንዱ ጋሪው ላይ ቃጭል አንጠልጥሎበታል። ሌሊት ሲንቀሳቀስ ውሻው ቀድሞ ይሰማል።